ያረገዘች ታዳጊ ስትወስን፦ የማኅበራዊ ሠራተኛ ድርሻ እስከ ምን ድረስ ነው?

አንዲት የ15 ወይም የ16 ዓመት ልጅ ማርገዟ ሲታወቅ ምን ማድረግ እንዳለባት የሚነግራት ሰው አይጠፋም። ወላጆች የቤተሰቡን ስምና የልጃቸውን የወደፊት ዕድል፣ ያስረገዛት ልጅ ወይም ሰው የራሱን ፍርሃት፣ ጓደኞች ከሌላ ሰው የሰሙትን፣ የእምነት አባቶች ደግሞ ሃይማኖታቸው የሚያዘውን ይዘው ይቀርባሉ። እያንዳንዳቸው ውሳኔው ወደ አንድ ወገን እንዲያዘነብል የሚፈልጉበት ምክንያት አላቸው፤ ምክንያታቸውም ብዙ ጊዜ ክፋት የለበትም። ማኅበራዊ ሠራተኛ በዚህ መሐል የምትገባው ሌላ አስተያየት ለመጨመር አይደለም። የእርሷ ሥራ ልጅቷ ያሏትን አማራጮች በትክክል አውቃ፣ ከአደጋ ተጠብቃ፣ ጊዜ ሳያልፍባት የራሷን ውሳኔ እንድትወስን ማስቻል ነው። ነገሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ በተግባር ግን ከዚህ ሙያ ሥራዎች ሁሉ ጥንቃቄ ከሚጠይቁት አንዱ ነው።

የጉዳዩን ስፋት ለመረዳት የዓለም ጤና ድርጅትን ግምት መመልከት ይበቃል። በድርጅቱ የእ.ኤ.አ. 2019 መረጃ መሠረት፣ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከ15 እስከ 19 ዓመት የሆናቸው ልጃገረዶች በዓመት ወደ 21 ሚሊዮን የሚገመት እርግዝና ያጋጥማቸዋል፤ ግማሽ ያህሉ ሳይታሰብ የመጣ ሲሆን ወደ 12 ሚሊዮን የሚሆነው በወሊድ ይጠናቀቃል። ሳይታሰብ ከመጣው እርግዝና ውስጥ 55 በመቶ ያህሉ በጽንስ ማቋረጥ ያበቃል፤ ይህም በእነዚህ አገሮች ብዙውን ጊዜ ለሕይወት በሚያሰጋ መንገድ የሚፈጸም ነው። አኃዙ የማይናገረው ከእነዚህ ልጆች ስንቶቹ በራሳቸው እንደወሰኑ፣ ስንቶቹ ደግሞ ሌላ ሰው እንደወሰነላቸው ነው።

አማራጮቹ በጥቅሉ ሦስት ናቸው። ወልዶ ማሳደግ አንዱ ነው። ወልዶ ልጁን ለዘመድ፣ ለጊዜው ተቀብሎ ለሚያሳድግ አደራ ቤተሰብ ወይም በጉዲፈቻ ለሌላ ቤተሰብ መስጠት ሁለተኛው ነው። ሕግ በሚፈቅድበት ሁኔታ እርግዝናውን ማቋረጥ ሦስተኛው ነው። ከሦስቱ የትኛው እንደሚገኝ፣ እስከ ስንት ሳምንት ድረስ እንደሚቻልና የወላጅ ፈቃድ ይጠየቅበት እንደሆነ የሚወስነው ልጅቷ የምትኖርበት አገር ሕግ ነው፤ ስለዚህ ባለሙያዋ ከማንኛውም ምክር በፊት ይህን ሕግ አጣርታ ማወቅ ይጠበቅባታል።

ሥራው የሚጀምረው ከቀን ቆጠራ ነው። እርግዝና የሚቆጠረው ግንኙነት ከተፈጸመበት ዕለት ሳይሆን የመጨረሻው የወር አበባ ከታየበት የመጀመሪያ ቀን አንሥቶ ስለሆነ፣ የወር አበባዋ በአንድ ሳምንት የዘገየባት ልጅ በሕክምና አቆጣጠር አምስት ሳምንት ሞልቷታል። ብዙ ታዳጊዎች ይህን አያውቁም፤ በዚህ ዕድሜ የወር አበባ ዑደት ገና ስላልተስተካከለ መዘግየቱን ራሱ የማያስተውሉት ጥቂት አይደሉም። ሌሎቹ ደግሞ አውቀው ለራሳቸው ይክዳሉ፤ ሰፊ ልብስ እየለበሱ፣ ከስፖርት ትምህርት እየቀሩ፣ ነገሩ በራሱ እንዲጠፋ ይመኛሉ። ስለዚህ ባለሙያዋ መጀመሪያ የምታደርገው እርግዝናው በምርመራ እንዲረጋገጥና ዕድሜው እንዲታወቅ ወደ ጤና ተቋም መላክ ነው። ዕድሜውን በመለየት ረገድ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሚደረግ አልትራሳውንድ በኋላ ከሚደረገው ይበልጥ አስተማማኝ ነው። ልጅቷ ዘግይታ ብትመጣ «እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?» የሚል ጥያቄ አይነሣም፤ ያለፈውን ሳምንት የሚመልስ ወቀሳ የለም፤ የሚቀጥለውን ቀጠሮ የሚያስቀር ወቀሳ ግን አለ።

ከቀን ቆጠራው ጎን ለጎን የደኅንነት ጥያቄ ይነሣል። ልጅቷን ቢያንስ ለተወሰነ ጊዜ ብቻዋን ማነጋገር የግድ የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ እናቷ ወይም ፍቅረኛዋ አጠገቧ ተቀምጠው «ማንም አስገድዶሻል?» ብሎ መጠየቅ የሚታወቅ መልስ ብቻ ያመጣል። ባለሙያዋ ግንኙነቱ በፈቃድ እንደነበረ፣ ያስረገዛት ሰው ዕድሜ ስንት እንደሆነ፣ በቤት ውስጥ የሚመታት ወይም የሚያስፈራራት ሰው እንዳለ፣ ነገሩ ሲታወቅ ከቤት ልትባረር ወይም ሳትፈልግ እንድታገባ ልትገደድ ትችል እንደሆነ ታጣራለች። ራሷን ለመጉዳት አስባ እንደሆነም በቀጥታ ትጠይቃታለች፤ ይህን መጠየቅ ሐሳቡን በልጅቷ ውስጥ ይፈጥራል ብሎ መፍራት ተገቢ አይደለም። የአስገድዶ መድፈር ወይም የጥቃት ምልክት ካለ ሥራው በአማራጮች ላይ መነጋገር ብቻ መሆኑ ይቀርና የልጆች ጥበቃ ጉዳይም ይሆናል።

እዚህ ላይ ስለ ምስጢር የሚነገረው ነገር ወሳኝ ነው። ልምድ የሌላት ባለሙያ ልጅቷን ለማረጋጋት ብላ «የምትነግሪኝን ለማንም አልናገርም» ልትል ትችላለች። ይህ ቃል ኪዳን ሊጠበቅ አይችልም፤ በብዙ አገሮች ሕግ በልጅ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን የሰማ ባለሙያ ማሳወቅ ግዴታው ነውና። ትክክለኛው መንገድ ልጅቷ አንድም ነገር ሳትናገር በፊት ገደቡን መንገር ነው፦ «የምትነግሪኝ በእኛ መካከል ይቀራል። ነገር ግን አንቺ ወይም ሌላ ልጅ አደጋ ላይ እንዳላችሁ ከሰማሁ ብቻዬን ልይዘው አልችልም፤ ያን ጊዜ ለማን እንደምናገር አስቀድሜ አሳውቅሻለሁ።» አንዳንድ ልጆች ይህን ሲሰሙ ዝም ይላሉ። ቢሆንም፣ ምን ቢናገሩ ምን እንደሚከተል አውቀው የመረጡት ዝምታ፣ ተታልለው ከሰጡት መረጃ ይሻላል የሚል እምነት አለኝ፤ የታለለች ልጅ ሁለተኛ አትመለስምና።

የልጅቷ ሐሳብ ሚዛን እንዲሰጠው የሚጠይቀው የባለሙያዎቹ በጎ ፈቃድ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 12፣ የራሱን አመለካከት መፍጠር የሚችል ልጅ በሚነካው ጉዳይ ሁሉ ሐሳቡን በነፃነት የመግለጽ መብት እንዳለውና ሐሳቡም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ክብደት ሊሰጠው እንደሚገባ ይደነግጋል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1985 ጊሊክ ተብሎ በሚታወቀው ጉዳይ ከፍተኛው ፍርድ ሰጪ አካል፣ ዕድሜዋ ከ16 በታች የሆነ ልጅ የቀረበላትን ሕክምና ምንነትና ውጤት በበቂ ሁኔታ ከተረዳች ራሷ ፈቃደኛነቷን ልትሰጥ እንደምትችል ወስኗል። ሁሉም አገር ይህን መንገድ አልተከተለም። የወላጅ ወይም የፍርድ ቤት ፈቃድ የሚጠይቁ ሕጎች አሉ፤ በእነዚህ አገሮች ባለሙያዋ ልጅቷን በዚያ ሂደት ውስጥ ብቻዋን እንዳትቆም ትደግፋታለች።

ዋናው ውይይት ከዚህ በኋላ ይመጣል፤ የሙያው ክህሎት የሚታየውም በእርሱ ላይ ነው። አድልዎ ብዙ ጊዜ የሚገባው በግልጽ ንግግር አይደለም። አንዱን አማራጭ በዝርዝር አስረድቶ ሌላውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማለፍ፣ የአንዱን አደጋ ብቻ መዘርዘር፣ ልጅቷ አንድን ሐሳብ ስታነሣ ፊት ላይ የሚታይ መጨማደድ፣ እነዚህ ሁሉ «እኔ የምፈልገው ይህን ነው» ይላሉ። አፍላ ዕድሜ ላይ ያለች ልጅ ደግሞ የትልቅ ሰው ፊት ማንበብ ታውቅበታለች፤ ማስደሰት የምትፈልገውን ሰው መልስ ፈልጋ ትሰጣለች። ስለዚህ ጥሩ ባለሙያ ሦስቱንም መንገዶች በተመሳሳይ ዝርዝር ታቀርባለች፤ በእምነቷ ምክንያት አንዱን ማቅረብ የማትችል ከሆነም ይህን በግልጽ ተናግራ ልጅቷን ሳትዘገይ ለሌላ ባለሙያ ታስተላልፋለች። ቀጠሮ እያራዘሙ ጊዜው እንዲያልፍ ማድረግ ራሱ ውሳኔ ነው፤ የተወሰነውም በልጅቷ አይደለም።

ጥያቄዎቹ ክፍትና ተጨባጭ መሆን አለባቸው። «ዛሬ ማንም የማይቆጣሽ ቢሆን ወዴት ታዘነብያለሽ?» የሚለው ጥያቄ የልጅቷን ፍላጎት ከሌሎች ድምፅ ለመለየት ይረዳል። «ከአንድ ዓመት በኋላ አንድ ተራ ቀንሽ ምን ይመስላል? አንቺ ትምህርት ቤት ስትሆኚ ሕፃኑን ማን ይይዛል? ሌሊት ሲታመም ከማን ጋር ወደ ሐኪም ትሄጃለሽ?» የሚሉት ደግሞ ምኞትን ወደ ዕለት ኑሮ ያወርዳሉ። ተመሳሳይ ጥያቄ ለሌሎቹ መንገዶችም ይቀርባል፤ ልጁን ሌላ ቤተሰብ ቢያሳድገው በልደቱ ቀን ምን ይሰማታል ብላ ታስባለች፣ እርግዝናውን ብታቋርጥ ለማን ትነግራለች፣ ለማንስ ባትነግር ትመርጣለች? «ገብቶሻል?» የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ «አዎ» ስለሚያስመልስ ብዙ አይጠቅምም። «እስቲ ለእኅትሽ እንደምታስረጃት አድርገሽ ንገሪኝ» ማለት ግን ምን እንደገባትና ምን እንደተምታታባት ወዲያው ያሳያል።

ልጅቷ በሰኞ አንድ ነገር፣ በሐሙስ ሌላ ነገር ብትል ባለሙያዋ አትደነቅም። በሁለት ሐሳብ መያዝ በዚህ ጉዳይ ላይ የተለመደ ነው፤ ሁለቱ ስሜቶች አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ መስማት ራሱ ያሳርፋታል። ችግሩ ሰዓቱ ነው። ለማሰብ ጊዜ መስጠትና የጊዜ ገደብ እንዳያልፍ መጠበቅ እርስ በርስ ይጋጫሉ፤ ባለሙያዋ ይህን ግጭት ከመደበቅ ይልቅ «እስከዚህ ቀን ድረስ ሦስቱም ክፍት ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ይህኛው ይዘጋል» ብላ የቀን መቁጠሪያ ላይ ታሳያታለች።

ለወላጅ መንገር ብዙ ልጆች ከእርግዝናው ይልቅ የሚፈሩት ነገር ነው። ከጥቃት ስጋት ውጭ ባለው ሁኔታ ባለሙያዎች በአብዛኛው ልጅቷ የምታምነው ትልቅ ሰው እንዲያውቅ ያበረታታሉ፤ ሰውየው ግን እናት ወይም አባት ብቻ መሆን የለበትም፤ አክስት፣ አያት ወይም ታላቅ እኅት ልትሆን ትችላለች። ለመንገር ከወሰነች፣ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አብረው ይለማመዱታል፤ ከፈለገችም በባለሙያዋ ፊት ትናገራለች። የወላጆች የመጀመሪያ ቁጣ ብዙ ጊዜ የመጨረሻ አቋማቸው አይደለም፤ ስለዚህ ለእነርሱም ለብቻቸው የሚያለቅሱበትና የሚጠይቁበት ጊዜ ይመደባል፤ ይህም ለልጅቷ ራሷ ይበጃል። ያስረገዛት ልጅም እኩያዋ ከሆነና ልጅቷ ከፈቀደች ሊሰማ ይገባል፤ የማማከር መብት ግን የመወሰን ሥልጣን አይሆንም።

ልጁን ለሌላ ቤተሰብ የመስጠት አማራጭ ላይ ረዘም ብዬ ልቆይ፤ የሙያው ከባድ ጥፋት የተፈጸመው እዚህ ላይ ነውና። በ20ኛው ክፍለ ዘመን በበርካታ አገሮች ሳያገቡ ያረገዙ ወጣት ሴቶች ወደ ልዩ ማረፊያዎች እየተላኩ፣ አማራጭ እንደሌላቸው እየተነገራቸው፣ ልጆቻቸውን እንዲሰጡ ተገፍተዋል፤ ከገፉት መካከል ማኅበራዊ ሠራተኞች፣ ነርሶችና የሃይማኖት ተቋማት ነበሩ። የአውስትራሊያ መንግሥት እ.ኤ.አ. መጋቢት 21 ቀን 2013 በጠቅላይ ሚኒስትር ጁልያ ጊላርድ አማካይነት በግዳጅ ስለተፈጸሙት ጉዲፈቻዎች ይፋዊ ይቅርታ ጠይቋል። በአየርላንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1922 እስከ 1998 የነበሩትን የእናቶችና ሕፃናት ማረፊያዎች የመረመረው ኮሚሽን ሪፖርት እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ይፋ ሲሆን፣ በተመረመሩት ተቋማት ወደ 9,000 የሚሆኑ ሕፃናት እንደሞቱ አመልክቷል፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም በማግሥቱ በፓርላማ ይቅርታ ጠይቀዋል። የያኔዎቹ ባለሙያዎች አብዛኞቹ ለልጅቷ የሚበጃትን የሚያደርጉ ይመስላቸው ነበር። ዛሬ ገለልተኛነት ላይ የሚደረገው ጥብቅነት ከዚህ ታሪክ የወጣ ነው።

በአገሮች መካከል የሚደረግ ጉዲፈቻን የሚገዛው እ.ኤ.አ. የ1993ቱ የሄግ ኮንቬንሽን ከዚህ ጋር የሚሄዱ ግልጽ ገደቦችን አስቀምጧል። ፈቃድ የሚሰጡ ሰዎች ምክር ያገኙና የፈቃዳቸውን ውጤት የተረዱ መሆን አለባቸው፤ ፈቃዱ በነፃነትና በጽሑፍ መሰጠት አለበት፤ በገንዘብ ወይም በካሣ መገኘት የለበትም፤ የእናትየዋ ፈቃድ በሚያስፈልግበት ጊዜም ሊሰጥ የሚችለው ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ ብቻ ነው። የመጨረሻው ነጥብ በጣም አስፈላጊ ነው። በሆዷ ያለውን ልጅ ለመስጠት የተስማማች ልጅ ስታቅፈው ሐሳቧ ሊለወጥ ይችላል፤ የመለወጥ መብትም አላት። ተቀባይ ቤተሰብ ቀደም ሲል ተገኝቶ፣ የሆስፒታል ወጪ ሸፍኖ፣ ዕቃ ገዝቶ ሲጠብቅ ይህን መብት መጠቀም ለአንዲት ታዳጊ ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም። ስለዚህ የልጅቷ ባለሙያና የተቀባዩ ቤተሰብ ባለሙያ የተለያዩ ሰዎች ቢሆኑ ይመረጣል። ከውሳኔው በፊት ከልጁ ጋር ወደፊት ግንኙነት ይኖራት እንደሆነ፣ ይህም ተስፋ ብቻ ነው ወይስ በሕግ የሚጸና የሚለው በግልጽ መነገር አለበት። ከጉዲፈቻ ውጭ ያሉት መንገዶች፣ ማለትም ልጁ በዘመድ ቤት እንዲያድግ ወይም እናቲቱ እስክትቋቋም ድረስ በአደራ ቤተሰብ እንዲቆይ ማድረግ፣ ሊቀለበሱ ስለሚችሉ ቀድመው መታየት አለባቸው።

ስለ ጽንስ ማቋረጥ የባለሙያዋ ድርሻ ትክክለኛ መረጃ መስጠትና፣ ልጅቷ ይህን ከመረጠችና ሕጉ ከፈቀደ፣ ብቃት ወዳለው የጤና ተቋም ማድረስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሚመክረው ዘዴ፣ ለእርግዝናው ዕድሜ በሚስማማ መንገድና በሠለጠነ ሰው ሲፈጸም ደኅንነቱ የተጠበቀ ሕክምና ነው፤ ወደፊት መውለድን ይከለክላል የሚለው ፍርሃት ለእንዲህ ያለው ሕክምና አይሠራም። ስለታም ነገር ማስገባት፣ ኬሚካል መጠጣት ወይም ያልሠለጠነ ሰው ዘንድ መሄድ ግን ሊገድል ይችላል። ሕጉ በማይፈቅድበት ቦታም ቢሆን ባለሙያዋ ይህን አደጋ ትናገራለች። ልጅቷ ከባድ ደም መፍሰስ፣ ትኩሳት ወይም መጥፎ ጠረን ያለው ፈሳሽ ካየች ሳትፈራ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል እንድትሄድ ታስጠነቅቃታለች፤ ከዚህ በኋላ የሚሰጠው ሕክምና ሕይወት አድን ነው።

ለመውለድ የወሰነች ልጅ ደግሞ ከውሳኔው በኋላ ብቻዋን የምትቀር ከሆነ «ምርጫዋን አከበርን» ማለት ባዶ ቃል ነው። ከ10 እስከ 19 ዓመት ያሉ እናቶች ከ20 እስከ 24 ዓመት ካሉት ይልቅ ለኤክላምፕሲያ፣ ማለትም በእርግዝና ጊዜ ከደም ግፊት መጨመር ጋር ለሚመጣ የመንቀጥቀጥ ሕመም፣ እንዲሁም ከወሊድ በኋላ ለሚከሰት የማሕፀን ኢንፌክሽን ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው፤ ልጆቻቸውም ያለ ጊዜያቸው ወይም ክብደታቸው አንሶ የመወለድ ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በእርግዝና ወቅት ቢያንስ ስምንት ጊዜ ክትትል እንዲደረግ፣ የመጀመሪያውም በ12 ሳምንት ውስጥ እንዲሆን ይመክራል፤ ይህ ክትትል ወደ ሕፃኑ ሊተላለፉ የሚችሉትን ኤች አይ ቪንና ቂጥኝን መመርመርንም ይጨምራል። ባለሙያዋ የትራንስፖርት ገንዘብ፣ ከቤት የተባረረች እንደሆነም ማረፊያ፣ ልጅቷን የማያሸማቅቅ ጤና ጣቢያ ትፈልጋለች። ከትምህርት ቤቱም ጋር መቀመጫዋ እንዲጠበቅ፣ ፈተና የሚዛወርበት መንገድ እንዲኖርና ከወለደች በኋላ ማጥባት የምትችልበት ሰዓት እንዲመቻች ትነጋገራለች። ከሁሉም ድጋፎች በቀላሉ የሚዘነጋው ይህ የትምህርት ቤት ጉዳይ ነው፤ ሳይመለሱ የቀሩ ልጆች ኑሮ የሚጠብበውም በአብዛኛው ከዚሁ ጀምሮ ነው።

ውሳኔው ከተፈጸመ በኋላም ጉዳዩ ቶሎ አይዘጋም። የወለደችም፣ የሰጠችም፣ ያቋረጠችም ልጅ እፎይታና ሐዘን በአንድነት ሊሰማት ይችላል፤ ሐዘን መኖሩም ውሳኔው ስህተት ነበር ማለት አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ልጅቷ እየተመካከረች ሳለ ጽንሱ በራሱ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ «ተገላገልሽ» የሚላት ሰው ስለሚበዛ ባለሙያዋ ዝም ብላ ማዳመጧ ይጠቅማል። የእርግዝና መከላከያ ጉዳይ በተግሣጽ ሳይሆን በጥያቄ ይነሣል። የዓለም ጤና ድርጅት ከወለዱ በኋላ ለሚቀጥለው እርግዝና ቢያንስ 24 ወራት መቆየትን ስለሚመክር፣ መውለድን ለመረጠች ልጅ ይህ ውይይት ከመውለዷ በፊት ቢጀመር ጥሩ ነው።

ልጅቷን ወደ አንድ የምክር አገልግሎት የሚወስድ ወላጅ ወይም መምህር ጥቂት ነገሮችን አስቀድሞ ሊጠይቅ ይችላል። ተቋሙ ሦስቱንም አማራጮች ያነሣል ወይስ የሚያልፈው አለ? ልጅቷን ብቻዋን ያነጋግራታል? የምስጢር ገደቡን ከመጀመሪያው ይናገራል? የሚሰጠውን የሕክምና መረጃ የሚያቀርበው ፈቃድ ያለው ባለሙያ ነው? ነፃ ምርመራ እየሰጡ ልጆችን ወደ አንድ ውሳኔ ብቻ የሚገፉ ቦታዎች ስላሉ እነዚህ ጥያቄዎች ከንቱ ጥርጣሬ አይደሉም። ከመጀመሪያው ቀጠሮ በኋላም ልጅቷን «ምን ወሰንሽ?» ከማለት «ምን ምን ነገሩሽ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል፤ ሦስቱንም በራሷ ቃል መተረክ ካልቻለች ሌላ ባለሙያ ለመፈለግ ገና ጊዜ አለ።